የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የጆሮውን ሕመም አይናቅ

ብዙ ሰው ጆሮውን ሲያመው «ይተወኛል» እያለ ሳምንታት ያሳልፋል። ሰውነቱ ተውሳክን የመከላከል ኃይሉ ለደከመበት ሰው ግን መዘግየት ሕይወትን እስከ ማጣት ያደርሳል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ስለዚሁ ሕመም እንገልጻለን።

የበሽታው ጠባይ፤
ፕሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ በውሃና በእርጥብ ስፍራ ይኖራል። የጆሮ ቀዳዳ ቆዳ ሲረጥብ ወይም ሲላጥ ይገባል። በስኳር በሽታ ጥቃቅን የደም ሥሮቹ በተጎዱበት ሰው ላይ ከቆዳ አልፎ የራስ ቅልን አጥንት ይበላል፤ የፊትን ነርቭም ሲነካ አፍ ይጣመማል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቻንድለር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ስለ 13 በሽተኞች ሲጽፉ፣ ብዙ ሰው ይገድል ስለነበር «አደገኛ» ብለው ሰየሙት፤ ነቀርሳ ግን አይደለም። ዛሬ በጊዜ ለደረሰ ሰው መድኃኒት አለው።

በይበልጥ የሚያሠጋቸው፤
የስኳር በሽታ ያለባቸው አረጋውያን፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው እያለ ሕክምና ያልጀመሩ ወይም ያቋረጡ፣ የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ናቸው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ስለሚሰጥ ማንም ሊያቋርጠው አይገባም።

ምልክቶቹ፤
1ኛ/ ሌሊት የሚብስና እንቅልፍ የሚነሣ ብርቱ ሕመም፤
2ኛ/ በጠብታ መድኃኒት የማይቆም ፈሳሽ፤
3ኛ/ የፊት መጣመም።
ትኩሳት ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ አለመኖሩ አያዘናጋ።

ልንጠነቀቅበት የሚገባ፤
በጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ቅቤ ወይም የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አናፍስስ፤ በክብሪት እንጨትና በላባ አንጎርጉር። ጆሮን በውሃ ማጠብ ለዚህ በሽታ መነሻ ሊሆን ስለሚችል፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከመታጠቡ በፊት ሕመሙን ለባለሙያው ይንገር። ጠበል የሚጠመቅም በቫዝሊን የታሸ ጥጥ በጆሮው ላይ ያድርግ፤ ይህ እምነትን አያጎድልም።

ሕክምናው፤
ምልክቱ የታየበት የልደታ ነዋሪ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በዚያም የስኳሩ መጠን ይለካል። ከባድ ሆኖ ሲገኝ በክፍለ ከተማችን እንዳለው እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳለ ከፍተኛ ሆስፒታል ይላካል። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ 6 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወሰዳል። ሕመሙ ጋብ ሲል ሰው መድኃኒቱን ቢተው፣ በአጥንት ውስጥ የቀረው ተውሳክ እንደገና ይነሣል፤ ስኳሩም ካልተስተካከለ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ በቤታችን ያሉ አረጋውያን ስለ ጆሮ ሕመም ሲነግሩን «የእርጅና ነው» ብለን አንለፋቸው፤ ይዘናቸው ወደ ሐኪም እንሂድ።