ዕድልና ጥረት በጨዋታ ንድፍ

በቪዲዮ ጨዋታ የሚና ገጸ ባሕርይ ሁለት መለኪያዎች አሉት፦ ይዞት የሚጀምረው የተፈጥሮ ዐቅምና በልምምድ የሚያዳብረው ክህሎት። ከሲ.ኤም.ሲ ተነሥቶ እንጦጦን የሚወጣ ሯጭ ብንነድፍ፣ የሳንባው ብርታት ዐቅም፣ የዳገት አሯሯጡ ክህሎት ይሆናል።

የዚህ ዘርፍ ቀዳሚ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው የጠረጴዛ ጨዋታ ‹ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ› ዐቅምን በ3 ዳይስ ድምር ይወስን ነበር። ከ216ቱ አወዳደቆች 18 የሚሰጠው 1 ብቻ ሲሆን፣ ከ8 እስከ 13 የሚሰጡት 146 ናቸው። ስለዚህ አብዛኛው ገጸ ባሕርይ መካከለኛ ነው።

ፍጥነት የዐቅምና የክህሎት ድምር ነው፤ እያንዳንዱም ልምምድ 1 የክህሎት ነጥብ ይጨምራል እንበል። በ10 የጀመረ ትጉህ፣ 18 ይዞ የማይለማመደውን በ9ኛው ልምምድ ይቀድመዋል። የክህሎት ጣሪያ 5 ከሆነ ግን ከቶ አይደርስበትም። እንግዲህ ዕድል ወይስ ጥረት እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ጣሪያውን የሚመርጠው ነዳፊ ነው።