የጆሮ ውስጥ ማዳመጫ ጫፍ ልክነት፦ ለምቾት፣ ለድምፅ ጥራትና ለመስማት ጤና ያለው ድርሻ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ በጆሮ ቦይ ውስጥ የሚገባ የድምፅ ማዳመጫ (ኢርፎን) ምቾትና የድምፅ ጥራት በጫፉ ላይ ባለው ላስቲክ ወይም ስፖንጅ ልክነት ምን ያህል እንደሚወሰን ይመረምራል። መነሻው የጆሮ ቦይ ቅርጽና መሠረታዊ የድምፅ ሳይንስ ነው። ጽሑፉ ሁለት ነጥቦችን ያስረዳል፦ አንደኛ፣ ቦዩ በደንብ ሳይዘጋ ስለ ማዳመጫው ድምፅ የሚሰጥ ፍርድ የመሣሪያውን ጠባይ አያሳይም፤ ሁለተኛ፣ ልክ ያልሆነ ጫፍ አድማጩ ድምፅ እንዲጨምር ስለሚገፋፋው የመስማት ጤናን ይጎዳል። በመጨረሻም ያለ ልዩ መሣሪያ ሊሠራበት የሚችል የአመራረጥ ቅደም ተከተል ይቀርባል።

1. መግቢያ

የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ተመራማሪ በቀን ለብዙ ሰዓታት ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ ይውላል። የማዳመጫ ምርጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዋጋ፣ በስም ወይም በሰው ምስክርነት ይወሰናል። አንድ ዓይነት ማዳመጫ ከገዙ ሁለት ሰዎች አንዱ «ድምፁ ሙሉና ጥርት ያለ ነው» ሲል ሌላው «ቀጭን ነው፤ ጆሮም ያሳምማል» ማለቱ የተለመደ ነው። ልዩነቱም ለጣዕም ወይም ለዕቃው ጉድለት ይሰጣል። ይሁን እንጂ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ወደ ጆሮ ታምቡር የደረሰው ድምፅ ራሱ የተለያየ ነው።

2. የጆሮ ቦይ ቅርጽና የሕመም መነሻ

የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ በአማካይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ስፋቱም 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ሳይሆን ሁለት ቦታ የሚታጠፍ ሲሆን አፉም ብዙውን ጊዜ ከክብ ይልቅ ሞላላ ነው። የውጪው ሲሶ በለስላሳ አጥንት፣ የውስጡ ሁለት ሦስተኛ ደግሞ በጠንካራ አጥንት የተከበበ ነው። በውስጠኛው ክፍል ቆዳው እጅግ ቀጭን ስለሆነ ጥቂት ግፊት እንኳ ያሳምማል። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ቦይም እኩል ላይሆን ይችላል። በተጨማሪም የመንጋጋ መገጣጠሚያ ከቦዩ ፊት ለፊት ስለሚገኝ ሰው ሲናገር ወይም ሲያኝክ የቦዩ ቅርጽ ይለዋወጣል።

ከዚህ የምንረዳው የሕመሙ ቦታ የሕመሙን ምክንያት እንደሚጠቁም ነው። በቦዩ አፍ ዙሪያ የሚሰማ የመወጠር ስሜት ጫፉ ትልቅ መሆኑን ያመለክታል። በጥልቅ የሚሰማ የሾለ ሕመም ጫፉ ወደ አጥንታማው ክፍል መግባቱን ያሳያል። በውጪው የጆሮ ጎድጓዳ ላይ የሚሰማው ደግሞ ከጫፉ ሳይሆን ከማዳመጫው አካል የሚመጣ ስለሆነ ጫፍ በመቀየር ብቻ ላይወገድ ይችላል። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ትንሽ ጫፍ ሁልጊዜ ምቹ አይደለም። ቦዩን ስለማይሞላ አድማጩ ወደ ውስጥ እየገፋ ያስገባዋል፤ በዚህም ሕመሙን ያባብሳል።

3. የቦዩ መዘጋትና ወፍራም ድምፅ

የ50 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ያህል ነው። በማዳመጫውና በታምቡሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት ግን 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ማዳመጫው የሚሠራው በዚያች ትንሽ ክፍተት ያለውን አየር በመጭመቅና በማላላት ነው። ክፍተቱ ከተዘጋ ጥቃቅን የሆነ የመሣሪያው ንዝረት በቂ ግፊት ይፈጥራል። በጫፉ ጎን የአየር ማምለጫ ካለ ግን ግፊቱ ሳይጠራቀም ይወጣል። ንዝረቱ በዘገየ መጠን አየሩ ለማምለጥ ጊዜ ስለሚያገኝ ጉዳቱ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ይበረታል።

በገናን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የበገና ድምፅ ጥልቅ ሲሆን በአውታሩና በብርኩማው መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ ማለትም እንዚራው፣ የሚያሰማው ነዛሪ ድምፅ ብዙ ከፍተኛ ድግግሞሾችን ይጨምርበታል። ጫፉ አየር የሚያሳልፍ ከሆነ መሠረታዊው ወፍራም ድምፅ ይዳከማል፤ ነዛሪው ግን ይቀራል። የሰው ጆሮ ከቀሩት ከፍተኛ ድግግሞሾች ተነሥቶ የዜማውን ከፍታና ዝቅታ መለየት ስለሚችል አድማጩ የጎደለውን ነገር በግልጽ አያውቀውም፤ ማዳመጫው «ቀጭን» እንደሆነ ብቻ ይሰማዋል። ጉድለቱ ሳይታወቅ መሣሪያው የሚወቀሰው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ጥልቀትና ቀጭን ድምፅ

ክፍት የጆሮ ቦይ በአንድ በኩል እንደተዘጋ ቱቦ ሆኖ 3000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል። ማዳመጫ ሲገባበት ግን ሁለቱም ጫፎች ይዘጉና ይህ ተፈጥሯዊ ማጉላት ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ቀዳሚው ሬዞናንስ የሚገኘው የሞገዱ ግማሽ ከቀረው ርዝመት ጋር ሲተካከል ነው። በቦዩ ያለው ሞቃት አየር ድምፅን በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ያስተላልፋል ብንል፣ የቀረው ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ሬዞናንሱ 8750 ኸርዝ ገደማ፣ 1.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ደግሞ 11700 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም 5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የጥልቀት ልዩነት የቀጭኑን ድምፅ ጠባይ እንደሚቀይር ያሳያል።

ይህ ለቋንቋ ተመራማሪ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እንደ «ስ»፣ «ሽ» እና «ጽ» ያሉት ድምፆች ከሚለዩባቸው ነገሮች አብዛኛው የሚገኘው በከፍተኛ ድግግሞሽ ነው። ጫፉ ዛሬ በአንድ ጥልቀት ነገ በሌላ ከተቀመጠ የአንዱ ተናጋሪ «ስ» ያለ ምክንያት የሾለ ወይም የደበዘዘ ሊመስል ይችላል። በተመሳሳይ ምክንያት በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60318-4 መስፈርት በተሠራ ሰው ሠራሽ ጆሮ የተለካ ሠንጠረዥ መሣሪያዎችን ለማነጻጸር ቢጠቅምም የአንባቢውን ጆሮ አይወክልም። ልኬቱ ቦዩ በደንብ መዘጋቱንና የተወሰነ ጥልቀትን ታሳቢ ያደርጋልና።

5. የጫፍ ዓይነቶች

የሲሊኮን ላስቲክ በቀላሉ ይገባል፣ ይታጠባል፣ ብዙም ያገለግላል፤ ነገር ግን ክብ ቅርጹ ሞላላ ቦይን ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል። ስፖንጅ በጣት ተጨምቆ ከገባ በኋላ ተመልሶ ስለሚያብጥ የቦዩን ቅርጽ ይከተላል፤ የውጭ ጫጫታንም በደንብ ይከላከላል። በአንጻሩ ላብና ኩክ ስለሚመጥጥ ቶሎ ያረጃል፣ ቀጭኑንም ድምፅ በመጠኑ ሊያለዝብ ይችላል። ሁለትና ሦስት ከንፈር ያለው ሲሊኮን ጥልቅ አቀማመጥን ያስችላል፤ ሁሉም ሰው ግን አይታገሠውም። የመሃል ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ጫፍ ቀጭኑን ድምፅ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። ከማዳመጫው አንገት ጋር የማይመጣጠን ልቅ ጫፍ ደግሞ ሲወጣ ጆሮ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል መወገድ አለበት።

6. የአመራረጥ ቅደም ተከተል

(ሀ) ሕመም፣ ፈሳሽ ወይም የመደፈን ስሜት ያለበት ጆሮ በመጀመሪያ በጤና ባለሙያ ይታይ። ኩክን በጥጥ እንጨት ለማውጣት መሞከር ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

(ለ) ለእያንዳንዱ ጆሮ መጠን ለብቻው ይመረጥ። በተቃራኒው እጅ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ቦዩን ያቀናል፤ ከዚያ ጫፉን በቀስታ እያዞሩ ማስገባት ነው። ስፖንጅ ከሆነ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል ተይዞ ይቆይ።

(ሐ) አፍን ዘግቶ «ም…» እያሉ ማንጎራጎር። ሁለቱም ቦዮች ከተዘጉ የራስ ድምፅ በሁለቱም ጆሮ ጎልቶ ይሰማል፤ ወደ አንድ ወገን ካደላ በሌላው ወገን የአየር ማምለጫ መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

(መ) ወፍራም ድምፅ ያለበት ቅጂ በዝግታ ከፍቶ ማዳመጫውን በጣት ረጋ አድርጎ መጫን። ሲጫኑት ወፍራሙ ድምፅ የሚጨምር ከሆነ ጫፉ በቂ አይደለም። ፈተናው እየተናገሩና አንገትን እያዞሩ ይደገም።

(ሠ) ምቾትን ቢያንስ በአንድ ሰዓት አጠቃቀም መመዘን። የአምስት ደቂቃ ሙከራ የግፊት ሕመምን አይገልጥም።

(ረ) የድምፅ ጥራት የሚመዘነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጎላ ያለ ድምፅ የተሻለ መስሎ ስለሚታይ የሚነጻጸሩት ማዳመጫዎች በተመሳሳይ ጉልህነት ይደመጡ።

7. የመስማት ጤና

የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአዋቂዎች ያወጡት መመዘኛ በሳምንት ለ40 ሰዓታት 80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ በ83 ዴሲቤል 20፣ በ86 ዴሲቤል 10፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት። እንግዲህ በታክሲ ወይም በጫጫታማ ክፍል የሚሠራ ተማሪ ያልገጠመ ጫፍ የሚያስገባውን ጫጫታ ለማሸነፍ 9 ዴሲቤል ቢጨምር የሳምንቱን ድርሻ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል። ጫጫታ በሚያስከትለው የመስማት ጉዳት የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሴሎች ደግሞ በሰው ላይ ተመልሰው አይተኩም። በሌላ በኩል በደንብ የተዘጋ ጆሮ የመኪና ጥሩንባም ስለማይሰማ በመንገድ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

8. ማጠቃለያ

ምቾትና ጥሩ ድምፅ ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው አንዱ ለሌላው መሥዋዕት የሚሆንባቸው ነገሮች አይደሉም፤ ሁለቱም ጫፉ ከቦዩ ጋር በሚኖረው መጠንና ጥልቀት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ስለሆነም አዲስ ማዳመጫ ከመግዛት በፊት በእጅ ላይ ላለው የተለያየ መጠንና ዓይነት ያላቸው ጫፎችን መሞከር ይበልጥ ይጠቅማል፤ ወጪውም ያነሰ ነው። የድምፅ ቅጂን እንደ መረጃ የሚጠቀሙ ተመራማሪዎችም የማዳመጫቸውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የተጠቀሙበትን ጫፍ ዓይነትና መጠን በጥናት ዘዴያቸው ውስጥ ቢመዘግቡ፣ በአድማጮች መካከል የሚታይ ልዩነት ከጆሮ ይሁን ከቅጂው ለመለየት ያግዛል።