የደመና አገልግሎት ኤፒአይ በትእዛዝ መስመር፦ የአማዞን መሣሪያ አጫጫንና አወቃቀር በምርምር ሥራ

የሳተላይት ምስል፣ የዘረመል ቅደም ተከተል ወይም የአየር ጠባይ መረጃ የሚጠቀም ተመራማሪ ሥራው ከጊዜ ወደ ጊዜ ከራሱ ኮምፒውተር ወጥቶ ወደ ደመና አገልግሎቶች እየተሳበ ነው። መረጃው እጅግ ትልቅ ስለሆነ የሚቀመጠውም፣ አልፎ አልፎም የሚሰላው እዚያው ነው። እነዚህን አገልግሎቶች በድረ ገጽ ከፍቶ በመዳፊት ማዘዝ ይቻላል። ይሁን እንጂ በመዳፊት የተሠራ ሥራ ተመራማሪው መልሶ ሊያነበውና ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር ሊያያይዘው የሚችል ዱካ አይተውለትም። በትእዛዝ መስመር የተጻፈ ግን ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ አማካሪውም ሆነ ሌላ ተመራማሪ መልሶ ሊያስኬደው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የአማዞን ዌብ ሰርቪስስን የትእዛዝ መስመር መሣሪያ እንደ ምሳሌ ወስዶ እንዴት እንደሚጫንና እንደሚዋቀር ይመረምራል። መከራከሪያው አጭር ነው፦ መጫኑ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ችግሩ የሚነሳው መሣሪያው «ማን ነኝ? የት ነው የምሠራው?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱን ከየት እንዳገኘ ተጠቃሚው ሳያውቅ ሲቀር ነው። የትእዛዞቹና የፋይሎቹ ስሞች እዚህ በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ በተርሚናል ላይ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ።

ከትእዛዙ በስተጀርባ

የአማዞን የፋይል ማከማቻ አገልግሎት ኤስ3 ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ዛሬ የምናውቀው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ሁለተኛው ዋና እትም እ.ኤ.አ. በ2020 ተከተለ። መሣሪያው በራሱ የሚሠራው ስሌት ጥቂት ነው። ተጠቃሚው የጻፈውን ትእዛዝ ወደ ኤፒአይ ጥያቄ ይለውጣል፣ ጥያቄውን ይፈርምበታል፣ ይልከዋል፣ የመጣውንም መልስ በተርሚናሉ ላይ ያትማል።

ከእነዚህ ተግባራት ውስጥ ፊርማው ጠለቅ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። ተጠቃሚው የሚይዘው ምስጢራዊ ቁልፍ በኔትወርክ ላይ አይጓዝም። መሣሪያው በቁልፉ፣ በጥያቄው ይዘትና በሰዓቱ ላይ ተመሥርቶ ፊርማ ያሰላል፤ አገልግሎቱም በበኩሉ ያንኑ ስሌት ሠርቶ ሁለቱን ያነጻጽራል። ሰዓት የፊርማው አካል በመሆኑ የኮምፒውተሩ ሰዓት ከእውነተኛው በብዙ ከራቀ ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። ኤስ3 የሚታገሠው ልዩነት 15 ደቂቃ ነው።

ይህ ነጥብ በአገራችን የራሱ መልክ አለው። ኮምፒውተሩ ጠዋት በ9 ሰዓት ፈንታ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 3 ሰዓት እንዲያሳይለት የሰዓቱን ቁጥር በእጁ የቀየረ ተጠቃሚ፣ የሰዓት ቀጠናውን ግን እንደነበረ የተወ፣ ሳያስበው ኮምፒውተሩን 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል። የሚመጣለት የስህተት መልእክት ስለ ሰዓት ልዩነት ወይም ጊዜው ስላለፈበት ፊርማ የሚናገር ስለሆነ ቁልፉን መጠራጠር ይጀምራል፤ ቁልፉ ግን ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ከኔትወርክ በራሱ እንዲያስተካክል መተው ቀላሉ መፍትሔ ነው። የአገሩን ሰዓት ማየት የግድ የሚፈልግ ሰው ከቁጥሩ ይልቅ ቀጠናውን ቢቀይር እንኳ ፊርማው አይበላሽም፤ ፊርማው የሚሰላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነውና።

መጫን

በዊንዶውስና በማክ የመጫኛውን ፋይል ከአቅራቢው ማውረድና መክፈት ይበቃል። በሊኑክስ የተጨመቀው ፋይል ወርዶ ይፈታና በውስጡ ያለው የመጫኛ ትእዛዝ ይሮጣል፤ ከማውረድ በፊት የማሽኑ ፕሮሰሰር የኢንቴል ዓይነት ወይም የአርም ዓይነት መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። በዩኒቨርሲቲ የጋራ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ተማሪ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ስለማይኖረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። መቆም አይገባውም፦ መጫኛው የሚጫንበትን ማውጫና ትእዛዙ የሚቀመጥበትን ማውጫ ለይቶ መቀበል ስለሚችል ሁሉንም በራሱ የቤት ማውጫ ውስጥ ማድረግ ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የፓይተን ልምድ ያለው ተመራማሪ እጁ ወደ ፒፕ ይሄዳል። በፒፕ የሚገኘው ጥቅል የመጀመሪያው ዋና እትም ነው፤ ሁለተኛው እትም የራሱን ፓይተን በውስጡ ይዞ በራሱ መጫኛ ይሠራጫል። ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ ትእዛዙ አንድ ስም ስላለው የትኛው እየተነሣ እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ከተጫነ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ የእትሙን ቁጥር መጠየቅ ነው፤ ቁጥሩም በምርምሩ ማስታወሻ ላይ ይመዝገብ።

ያለ ቁልፍ የሚሠራ ሥራ

ብዙ መመሪያዎች ከመጫን በቀጥታ ወደ ቁልፍ ያመራሉ። ለተመራማሪ ይህ ቅደም ተከተል ትክክል አይመስለኝም። የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት መረጃም ሆነ ብዙዎቹ የሴንቲነል-2 ምስሎች በኤስ3 ላይ ለማንም ክፍት ሆነው ተቀምጠዋል። እነዚህን ለመዘርዘርና ለማውረድ አካውንት መክፈት፣ የክፍያ ካርድ ማስመዝገብም ሆነ ቁልፍ መያዝ አያስፈልግም፤ በትእዛዙ መጨረሻ ላይ «ኖ-ሳይን-ሪኩዌስት» የሚለውን አማራጭ መጨመር ይበቃል። መሣሪያው ጥያቄውን ሳይፈርምበት ይልካል። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ በቀላሉ ለማያገኝ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ክፍት የሚመስል ሁሉ ግን ነጻ አይደለም። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በኦሪገን ሪጅን ያስቀመጠው የላንድሳት ስብስብ «ጠያቂው ይክፈል» በሚባለው ሥርዓት ይተዳደራል። በዚህ ሥርዓት የማውጫው ወጪ የሚቆረጠው ከባለቤቱ ሳይሆን ከጠያቂው አካውንት ስለሆነ ጥያቄው የግድ መፈረም አለበት፤ ተጠቃሚውም ለመክፈል መስማማቱን በትእዛዙ ውስጥ ይገልጻል። ብዙ ምስል ወደ ውጭ ከማውረዱ በፊት ስሌቱን እዚያው ሪጅን ውስጥ መሥራት ይርከስ እንደሆነ ማስላት የተመራማሪው ድርሻ ነው።

አራቱ ጥያቄዎችና ሁለቱ ፋይሎች

ፊርማ ሲያስፈልግ «ኤደብሊውኤስ ኮንፊገር» የሚለው ትእዛዝ አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የቁልፉን መለያ፣ የቁልፉን ምስጢር፣ ነባሪውን ሪጅንና የውጤቱን አቀራረብ። መልሶቹ በቤት ማውጫው ውስጥ በተሰወረ አቃፊ፣ በሁለት ፋይሎች ተከፍለው ይቀመጣሉ። ቁልፎቹ «ክሬደንሻልስ» ወደሚባለው፣ የቀሩት ወደ «ኮንፊግ» ይገባሉ። በአንድ ማሽን ላይ ከአንድ በላይ ማንነት የሚይዝ ሰው፣ ለምሳሌ አንዱን ለፕሮጀክቱ ሌላውን ለራሱ መለማመጃ፣ እያንዳንዱን በፕሮፋይል ስም ይለያል። ፋይሎቹን በእጁ የሚያርም ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል፦ በ«ኮንፊግ» ውስጥ ከፕሮፋይሉ ስም በፊት «ፕሮፋይል» የሚለው ቃል ይጻፋል፣ በ«ክሬደንሻልስ» ውስጥ ግን አይጻፍም። ለምን እንዲህ እንደተደረገ አሳማኝ ምክንያት አላየሁም፤ ስህተቱ ግን ደጋግሞ ያጋጥማል።

ዋናው ጉዳይ መሣሪያው እነዚህን ፋይሎች የሚያነበው ሌሎች ቦታዎችን ካየ በኋላ መሆኑ ነው። መጀመሪያ በትእዛዙ ላይ የተጻፉትን አማራጮች ያያል። ቀጥሎ በተርሚናሉ የአካባቢ ተለዋዋጮች ውስጥ የተቀመጡትን ይፈልጋል። ከዚያ ወደ ፋይሎቹ ይመጣል፤ በመጨረሻም ማሽኑ ራሱ በደመናው ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ለማሽኑ የተሰጠውን ሮል ይጠይቃል። ቀድሞ የተገኘው የኋላውን ይሸፍናል። ከወራት በፊት ለአንድ ሙከራ የተጻፈ ቁልፍ ተርሚናሉ ሲከፈት በሚነበበው ፋይል ውስጥ ተረስቶ ቢቀር፣ ተማሪው አዲስ ቁልፍ በ«ኮንፊገር» ደጋግሞ ቢያስገባም መሣሪያው አሮጌውን መጠቀሙን ይቀጥላል። የስህተት መልእክቱ ፈቃድ እንደሌለው ብቻ ይነግረዋል። አሮጌው ቁልፍ ፈቃድ ካለው ደግሞ ነገሩ ይከፋል፦ ሥራው ያለ ምንም ስህተት በሌላ ፕሮጀክት አካውንት ላይ ይሠራል፤ ሂሳቡም እዚያ ይቆረጣል።

ለዚህ ሁለት ትእዛዞች ይበቃሉ። «ኤደብሊውኤስ ኮንፊገር ሊስት» እያንዳንዱ ዋጋ ከየት እንደተገኘ በመስመር ያሳያል፤ ቁልፉን ከመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት በስተቀር ይሸፍነዋል። «ኤደብሊውኤስ ኤስቲኤስ ጌት-ኮለር-አይደንቲቲ» የሚለው ደግሞ ጥያቄውን ወደ አገልግሎቱ ልኮ በየትኛው አካውንት ማን ተብሎ እንደታወቀ ይመልሳል። የኋለኛው ምንም ልዩ ፈቃድ አይፈልግም። የረጅም ስሌት ስክሪፕት በዚህ ትእዛዝ እንዲጀምርና የተጠበቀው አካውንት ካልመጣ እንዲቆም ማድረግ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምረው።

የቁልፉ ዕድሜ

በ«ኮንፊገር» የሚገባው ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ዘላቂ ነው፤ ካልተሰረዘ ለዓመታት ይሠራል። ምስጢሩም በፋይሉ ውስጥ ሳይመሰጠር በግልጽ ጽሑፍ ይቀመጣል። በቤተ ሙከራ ሁሉም በአንድ የተጠቃሚ ስም በሚገባበት ኮምፒውተር ላይ ይህ ማለት ቁልፉን ሁሉም ያነበዋል ማለት ነው። ስክሪፕት ውስጥ ተጽፎ ወደ ክፍት የኮድ ማከማቻ ከተላከ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ቁልፍ የሚያድኑ ፕሮግራሞች ፈጥነው ያገኙታል፤ በኋላ ከፋይሉ ቢሰረዝም በማከማቻው ታሪክ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ የወጣ ቁልፍ የሚድነው ፋይሉን በማጽዳት ሳይሆን ቁልፉን ራሱን በመሻር ነው።

የተሻለው መንገድ ጊዜያዊ ቁልፍ ነው። ተቋሙ ማዕከላዊ መግቢያ ካዘጋጀ «ኤደብሊውኤስ ኮንፊገር ኤስኤስኦ» የሚለው ትእዛዝ ተመራማሪውን በአሳሽ በኩል አስገብቶ ለሰዓታት ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ይሰጠዋል። ከእትም 2.22.0 ጀምሮ አሳሹና መሣሪያው በአንድ ማሽን ላይ እንዲሆኑ ይጠበቃል፤ በሩቅ ሰርቨር ላይ ያለ ተጠቃሚ «ዩዝ-ዲቫይስ-ኮድ» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ በራሱ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ማረጋገጥ ይችላል።

ጊዜያዊ ቁልፍ ከሁለት ሳይሆን ከሦስት ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ሦስተኛው የክፍለ ጊዜው ቶክን ነው። የተለመደው «ኮንፊገር» ግን ቶክኑን አይጠይቅም። ስለዚህ ጊዜያዊ ቁልፍ ተሰጥቶት በአራቱ ጥያቄዎች ያስገባ ሰው ቁልፉ ልክ እንዳልሆነ ይነገረዋል። መለያው በላቲኖቹ ኤ-ኤስ-አይ-ኤ ከጀመረ ጊዜያዊ፣ በኤ-ኬ-አይ-ኤ ከጀመረ ዘላቂ መሆኑን ማወቅ ይህን እንቆቅልሽ ወዲያው ይፈታል።

ሪጅንና ደካማ ኔትወርክ

ሪጅን መምረጥ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አማዞን በአፍሪካ ያለው ሪጅን በኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው ሲሆን፣ አካውንቱ አስቀድሞ ካላነቃው በስተቀር አይሠራም። ከሰዎች የተሰበሰበ መረጃ የያዘ ተመራማሪ የትኛውንም ሪጅን ቢመርጥ መረጃውን ከአገር እያወጣ ስለሆነ፣ ነባሪው ሪጅን ከመጻፉ በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እና የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሰጠው ፈቃድ መታየት አለባቸው።

በሚቆራረጥ መስመር ላይ የመሣሪያው ነባሪ ዋጋዎች አይመቹም። ኤስ3 ላይ ሲሠራ በአንድ ጊዜ 10 ጥያቄዎችን ጎን ለጎን ይልካል፤ በጠባብ መስመር ላይ ሁሉም እርስ በርስ ተሻምተው ጊዜያቸው ያልፋል። ቁጥሩን ወደ 2 ወይም 3 ዝቅ ማድረግ፣ የድጋሚ ሙከራውንም ከነባሪው 3 ከፍ ማድረግ በ«ኮንፊግ» ፋይል ውስጥ በጥቂት መስመሮች ይጻፋል። ብዙ ፋይል የሚያወርድ ሰው ከ«ሲፒ» ይልቅ «ሲንክ»ን ይጠቀም፤ መስመሩ ተቋርጦ ሲመለስ የተጠናቀቁትን ፋይሎች አልፎ የቀሩትን ብቻ ያመጣል። በመሃል የተቋረጠው ፋይል ግን ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ዲሊት» የሚለው አማራጭ በመድረሻው ላይ ያለውን ትርፍ ፋይል ስለሚያጠፋ፣ አስቀድሞ በ«ድራይረን» ምን ሊጠፋ እንደሆነ ማየት ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ተማሪው ሲመረቅ

የምርምር ቡድኖች የሚዘነጉት ጊዜ የመጨረሻው ነው። ተማሪው ይመረቃል፣ ላፕቶፑን ይዞ ይሄዳል፣ ቁልፉም አብሮት ይሄዳል። ቁልፉን በድንገት መሰረዝ በእሱ የሚንቀሳቀሱ ስክሪፕቶችን ሊያቆም ስለሚችል ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። አገልግሎቱ እያንዳንዱ ቁልፍ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ፣ ለየትኛው አገልግሎትና በየትኛው ሪጅን እንደተጠቀመ ይመዘግባል፤ መጀመሪያ ይህ ይታይ። አንድ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መያዝ ስለሚችል፣ የሚቀጥል ሥራ ካለ ሥራውን ለተረከበው ሰው በራሱ ስም ማንነት ተሰጥቶ ስክሪፕቶቹ ወደዚያ ይዛወሩ። ከዚያ አሮጌው ቁልፍ ሳይሰረዝ እንዳይሠራ ይደረግ፤ የቆመ ነገር ካለ መልሶ ማንቃት ይቻላልና። ጥቂት ሳምንታት ያለ ችግር ካለፉ በኋላ ይሰረዝ።