የሹም መሐላ በጽሑፍ ሲቀር

ሹም ሲሾም እጁን አንሥቶ ይምላል። ሕዝቡም ሰምቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ዓመት ሲያልፍ ግን «ምን ብሎ ነበር የማለው?» ቢባል አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይላል። ታዲያ ቃሉ በጽሑፍ ሲቀመጥ ነገሩ ሌላ ነው።

የቀድሞ ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር። በጎንደር አገር በብዙ ደብሮች የርስትና የጉልት ጉዳይ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። የምስክሮች ስም አለበት። ቃሉን ያፈረሰም እንዲረገም ተጽፎበታል። ወንጌሉ የተመረጠው ማንም ስለማይደፍረው ነው።

መሐላ ግን በሰው እጅ ይፈታል። አፄ ምኒልክ ሕመም ሲጠናባቸው ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ መኳንንቱም ላንከዳ ብለው ማሉ። ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ እነዚያው መኳንንት አዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሻሩ። መሐላውስ? አቡነ ማቴዎስ ፈቷቸው። መኳንንቱ ልክ ነበሩ አልነበሩም፣ እሱን ለእናንተ እንተወው። ማን ለማን እንደማለ ዛሬ የምናውቀው ግን ተጽፎ ስለቀረ ነው።

ወደ አገራችሁ እንምጣ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በጋይንትና በወሎ ወሰን አካባቢ፣ አንቺም ላይ ተዋግተው ሞቱ። በዚያ ዘመቻ አውሮፕላን ቦምብ ብቻ አልነበረም የጣለው፤ ወረቀትም በትኗል። ከራስ ጉግሣ ጋር የሚቆም ሁሉ የተገዘተ ይሁን የሚል የጳጳሳት ቃል ነበር። ወረቀቱ ከሰማይ ሲወርድ ከወታደሩ ስንቱ ሊያነበው ይችል ነበር? ነፍሱን የሚነካ ነገር በእጁ ይዞ፣ የሚያነብለት ቄስ ወይም ደብተራ መፈለግ ነበረበት።

በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭን የሚምለው ቃል ተጻፈ። በሕጉ መሠረት ሊያስተዳድር ይምላል ይላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ግን ዘውድ የጫኑት ቀደም ብለው፣ በ1923 ዓ.ም. ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን እስኪወርዱ ድረስም ሌላ ንግሥ አልነበረም። እንዲያው ተጽፎ ሳይማልበት ቀረ!

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 ላይ ፕሬዚዳንት የሚሆን ሰው በሁለቱ ምክር ቤቶች ፊት የሚናገረው ቃል አለ። የተጣለበትን ኃላፊነት በታማኝነት ሊወጣ ቃል ይገባል። ጽሑፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተም በአንድ ትንፋሽ ታነቡታላችሁ።

በቀበሌያችሁ ሰው ሲሾምም ቃለ ጉባኤውን አስወጡና ተመልከቱ። ምን ብሎ ማለ? በስንት ቀን? በማን ፊት? ፊርማው የታለ? ወረቀቱ ካልተገኘ ጸሐፊውን ጠይቁት።