ምዕራፍ 12 ፦ ተማሪውና የገቢ ግብር

ከማንበባችሁ በፊት፦ ከወር ደመወዝ ላይ ግብር የሚቀንሰው ማን ነው? ሠራተኛው ከዚያ በኋላ የሚጠበቅበት ተግባር አለን? በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ

በኢትዮጵያ አንድ ሠራተኛ የወር ደመወዙን በሚቀበልበት ጊዜ ግብሩ አስቀድሞ ተቀንሶ ይጠብቀዋል። ግብሩን አስልቶ የሚቀንሰውም፣ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያስታውቀውም አሠሪው ነው። ስለዚህ ከአንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገኘው ደመወዝ በቀር ሌላ ገቢ የሌለው ሠራተኛ በዓመቱ መጨረሻ ቅጽ ሞልቶ እንዲያቀርብ አይጠየቅም።

በአሜሪካ ግን ሥርዓቱ ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ አገር አሠሪው ከደመወዝ ላይ የሚቀንሰው ገንዘብ በግምት የተወሰደ ቅድሚያ ክፍያ ሲሆን፣ የዓመቱን ትክክለኛ ግብር አስልቶ የማስታወቅ ኀላፊነት የወደቀው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። ግብር ከፋዩም ከትምህርት ሰዓት ውጪ በመደብር ወይም በምግብ ቤት የሚሠራ የኮሌጅ ተማሪ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የገቢ ግብር የመጣል ሥልጣኑ የጸናው በ1913 በጸደቀው 16ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። «ቅጽ 1040» የሚባለውም የግብር ማስታወቂያ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይሠራበታል። ግብርን ከደመወዝ ላይ መቀነስ በሰፊው የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1943 በወጣው ሕግ ነው። ከ1955 ወዲህ ደግሞ የቅጹ ማቅረቢያ የመጨረሻ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል 15 ሆኗል።

አሠሪው ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ድረስ «ደብልዩ 2» የተባለውን ወረቀት ለሠራተኛው ይልካል። በወረቀቱ ላይ በዓመቱ የተከፈለው ደመወዝና የተቀነሰው ግብር ተመዝግበው ይገኛሉ።

አሁን አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት ያላገባችና በወላጆችዋ የምትረዳ ተማሪ በ2024 በአንድ መደብር ሠርታ 6,000 ዶላር አገኘች እንበል። አሠሪዋም በዓመቱ ውስጥ 300 ዶላር የፌዴራል የገቢ ግብር ቀነሰባት። በዚያ ዓመት እንደ እርስዋ ላለ ተማሪ በሥራ የተገኘ ገቢ፣ ሌላ ገቢ ካልተጨመረበት፣ እስከ 14,600 ዶላር ድረስ ከዚህ ግብር ነጻ ነበር። ስለዚህ ቅጹን የማቅረብ ግዴታ የለባትም። ነገር ግን ግዴታ የለብኝም ብላ ዝም ካለች 300 ዶላሯ በመንግሥት ካዝና ይቀራል። ገንዘቡ የሚመለስላት ቅጹን ሞልታ ስታቀርብ ብቻ ነው። ይህንንም ካላደረገች መብቷ ከማቅረቢያው ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሲያልፍ ይቋረጣል። ለማኅበራዊ ዋስትናና ለአረጋውያን ሕክምና ከደመወዝዋ ላይ በመቶ 7.65 ታስቦ የተቀነሰው 459 ዶላር ግን የገቢ ግብር ስላልሆነ አይመለስም።

ነጻ የሚሆነው የገቢ ወሰን ከዓመት ዓመት ስለሚሻሻል የየዓመቱን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ተማሪው ሦስት ነገሮችን መለየት አለበት። አንደኛ፣ በግሉ ሥራ ሠርቶ የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር ከደረሰ ቅጹን ማቅረብ ግዴታው ነው። ሁለተኛ፣ ከነጻ የትምህርት ዕድል ገንዘብ ውስጥ ለትምህርት ክፍያና ለተፈላጊ መጻሕፍት የዋለው ግብር የለበትም፤ ለመኝታና ለምግብ የዋለው ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ ወላጆቹ በራሳቸው ቅጽ ላይ «በእኛ የሚረዳ ነው» ብለው የሚያስመዘግቡት ከሆነ፣ እርሱም በቅጹ ላይ ሌላ ሰው ሊያስመዘግበው እንደሚችል ማመልከት ይገባዋል። የልጅና የወላጅ ቃል ከተለያየ የቤተሰቡ ሒሳብ ለምርመራ ሊዳረግ ይችላል።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ደግሞ የተለየ ሥርዓት ይጠብቀዋል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ለግብር ጉዳይ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው የ14,600 ዶላር ወሰን እርሱን አይመለከተውም፤ ደመወዝ ካገኘም የሚሞላው «ቅጽ 1040 ኤን አር» የተባለውን ነው። ምንም ገቢ ባይኖረው እንኳ «ቅጽ 8843»ን ማቅረብ ይኖርበታል። የአገሬውን ተማሪ ቅጽ አይቶ እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ላይ ይጥላል።

ግብር ከፋዩ በቅጹ መጨረሻ ላይ የሚፈርመው ያሰፈረው ሁሉ እውነት መሆኑን በሕግ ፊት አረጋግጦ ነው። ቅጹን ሌላ ሰው ቢሞላለትም ተጠያቂው ባለ ፊርማው ነው። ስለዚህ ተማሪው ሳያነብ አይፈርም፤ ያቀረበውንም ቅጽ ግልባጭ ከአስረጂ ወረቀቶቹ ጋር ያስቀምጣል። ግዴታውን የሚያውቅ ሰው መብቱንም ያውቃል፤ ሁለቱም የሰፈሩት በአንድ ወረቀት ላይ ነውና።

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።

1. በኢትዮጵያና በአሜሪካ የደመወዝ ግብር አሠራር መካከል ያለው ዋና ልዩነት ምንድን ነው?
2. በምሳሌው የተጠቀሰችው ተማሪ ግዴታ ሳይኖርባት ቅጹን ብታቀርብ የምትጠቀመው እንዴት ነው?
3. 459 ዶላሩ የማይመለሰው ለምንድን ነው?
4. «ግዴታውን የሚያውቅ ሰው መብቱንም ያውቃል» የሚለውን አነጋገር ከምንባቡ ማስረጃ በመጥቀስ አብራሩ።

ሐ. የቃላት ፍች

ግብር — ከግዕዙ «ገብረ» (ሠራ፣ አደረገ) የወጣ ነው። ሥራ፣ ለመንግሥት የሚከፈል ገንዘብ፣ እንዲሁም በቀድሞ ዘመን በቤተ መንግሥት የሚበላ ድግስ ማለት ነው።
አስረጂ — አንድ ነገር እውነት መሆኑን የሚያስረዳ።
ግልባጭ — ከዋናው የተቀዳ ጽሑፍ።

«ግብር» የሚለውን ቃል በሦስቱም ፍቺዎቹ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት።

መ. ሰዋስው

አሠሪው ግብሩን ቀነሰ። ግብሩ ተቀነሰ።
መንግሥት ገንዘቡን መለሰ። ገንዘቡ ተመለሰ። ተማሪዋ ገንዘቡን አስመለሰች።

«ተ» እና «አስ» የግሡን ትርጉም እንዴት እንደለወጡት ተናገሩ። ከዚያም «ከፈለ» እና «ሞላ» የሚሉትን ግሦች በዚሁ ዓይነት እያረባችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሠ. የጽሑፍ መልመጃ

ባሕር ማዶ ለሚማር ወንድም ወይም እኅት፣ ቅጽ ከመፈረም በፊት ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ የሚገልጽ ባለ ሁለት አንቀጽ ደብዳቤ ጻፉ።