መጠየቅና ማስተማር

በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ጉባኤ የሚያስተምር መምህር ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ተማሪዎቹ ተመልክቶ «ገባችሁ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ተማሪዎቹም በአንድ ድምፅ «አዎን» ይላሉ። መምህሩ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከዚያ «አዎን» በስተኋላ ምን እንዳለ ግን ማንም አልመረመረም። የገባውም ያልገባውም የመለሱት ያንኑ አንድ ቃል ነውና። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን የአገራችንን ተረት ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል፤ አልገባኝም ብለው በጓደኞቻቸው ፊት ከሚያፍሩ ይልቅ አዎን ብለው ማለፍን ይመርጣሉ። ስለዚህ መምህር እንዴት አድርጎ ቢጠይቅ ተማሪው ይጠቀማል? የሚለውን ነገር በዚህ ጽሑፋችን ልንመለከተው ወደናል።

እኛም ራሳችን በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተሳስተናል። ሕፃናትን ስናስተምር አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ከምሥጢረ ሥላሴ እስከ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ያለ ስሕተት የሚያወርድ አንድ ልጅ ነበረ፤ ለሌሎቹም ምሳሌ አድርገን እናመሰግነው ነበር። ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ ቀን «ዐምድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብንለው ዝም አለ። ዐምድ ማለት ምሰሶ እንደ ሆነ፥ ምሰሶውም ቢወድቅ ቤቱ እንደማይቆም የነገረው አልነበረም። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ያስተማርነውን በቃሉ መያዙን እንጂ ማስተዋሉን ሳንጠይቅ የኖርነው እኛ ነን።

ይህን ነገር ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንማረዋለን። ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ የሆነው ፊልጶስ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባ፥ የአገራችንን ሰው፥ በሠረገላ ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ አገኘው። ፊልጶስ ምን አደረገ? አስቀድሞ ቀርቦ ንባቡን ሰማ። ቀጥሎም የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ በአንዲት አጭር ቃል ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሳይኖር ማስተዋል እንደማይቻለው ሳያፍር ገለጸ፤ ነቢዩ ይህን የተናገረው ስለ ማን እንደ ሆነም እርሱ ራሱ ጠየቀ። ፊልጶስም ትምህርቱን የጀመረው ተማሪው ከጠየቀበት ከዚያው ኃይለ ቃል ነው እንጂ አስቀድሞ ካዘጋጀው ከሌላ ስፍራ አይደለም። በመጨረሻም ወደ ውኃ በደረሱ ጊዜ ስለ ጥምቀት የጠየቀው ጃንደረባው ነበረ። እንግዲህ ትምህርቱ በመምህሩ ጥያቄ ተጀምሮ በተማሪው ጥያቄ ወደ ፍጻሜው እንደ ደረሰ ልብ ይሏል።

ጌታችንም በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ የተገኘው እየሰማና እየጠየቀ ነበር (ሉቃ. 2፥46)። ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ለጠየቀው ሕግ አዋቂም የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ከነገረው በኋላ ፍርዱን ለራሱ አልሰጠውም፤ ከሦስቱ መንገደኞች ባልንጀራ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ መልሶ ጠየቀው እንጂ። ሰውዬውም በገዛ አፉ ፈረደ። ሰው ራሱ የደረሰበትን እውነት ከሌላ ከሰማው ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋልና።

ይህ ሥርዐት ለአባቶቻችንም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር ይውልና በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ይሰማዋል፥ ያርመዋል። የመጻሕፍት መምህራንም አንድምታውን ሲያወርዱ «ስለ ምን ቢሉ» እያሉ አስቀድመው ጥያቄውን ያነሡታል፤ መልሱንም ከዚያ በኋላ ያመጡታል። ይህን ስንል ግን በቃል መያዝን መንቀፋችን አይደለም። ቃሉን ያልያዘ ተማሪ የሚመረምረው ነገር የለውምና። ነገር ግን ጥያቄውም መልሱም አብረው በቃል የተጠኑ እንደ ሆነ ጥያቄነቱ ይቀርና ንባብ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ መምህር በሦስት ደረጃ ቢጠይቅ መልካም ነው። የደጉን ሳምራዊ ታሪክ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። መጀመሪያው የማስታወስ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በቁስለኛው አጠገብ ያለፉት እነማን ናቸው? የሚል ነው። ሁለተኛው የማስተዋል ጥያቄ ነው፤ ካህኑና ሌዋዊው አይተውት ሳለ ስለ ምን አለፉት? የሚል ነው። ሦስተኛው የሕይወት ጥያቄ ነው፤ እኛስ በዚህ ሳምንት አይተን ያለፍነው ማንን ነው? የሚል ነው። በመጀመሪያው ብቻ የሚቀር መምህር መሠረት ጥሎ ግድግዳ ሳያቆም የሄደ ግንበኛን ይመስላል፤ መጀመሪያውን ትቶ ከሦስተኛው የሚነሣም ያለ መሠረት የሚያቆም ነው።

ከጠየቁ በኋላም መታገሥ ያስፈልጋል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደ ሆነ ገልጸዋል። መምህራኑ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ በታገሡ ጊዜ ግን የተማሪዎቹ መልስ እየረዘመ፥ ዝም የሚሉትም እያነሱ፥ ራሳቸው የሚጠይቁትም እየበዙ ሄዱ። እንዲሁም መምህር አስቀድሞ የአንዱን ስም ጠርቶ ቢጠይቅ ሌሎቹ ከማሰብ ያርፋሉ፤ አስቀድሞ ለሁሉ ጠይቆ፥ ጥቂት ቆይቶ ስም ቢጠራ ግን ሁሉም ያስባሉ። የተሳሳተውንም ሊያሳፍረው አይገባም፤ ከመልሱ ውስጥ እውነት የሆነችውን ጥቂቷን አንሥቶ ከዚያ ይምራው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተማሪው ራሱ ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስ ነው። በእምነት ነገር ልቡ የተጨነቀ ወጣት ደፍሮ ቢጠይቅ «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» ብለን የምንገሥጸው ጊዜ አለ። ወጣቱ ዝም ይላል፤ ጥያቄው ግን ከልቡ አይወጣም። ከእኛ ዘንድ ያጣውን መልስ ከማያውቀው ሰው ደጅ ሊፈልግ ይሄዳል፤ እኛም መቅረቱን የምናውቀው ስፍራው ባዶ ሆኖ ካየነው በኋላ ነው። የማናውቀውን ብንጠየቅ «ይህን ሊቃውንትን ጠይቀን በሚመጣው ሰንበት እንነግርሃለን» ማለት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ብሎ መርሳት ነው።

ስለዚህ መምህራን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በሚመጣው ሰንበት «ገባችሁ?» የምትለውን ቃል ትተን ፊልጶስ ወደ ሠረገላው እንደ ቀረበ ወደ ተማሪዎቻችን እንቅረብ፤ እንስማ፤ እንጠይቅ፤ መልሱንም እንታገሥ። ይህን እንድናደርግ እግዚአብሔር ይርዳን።