ከገና እስከ ጥምቀት ቤቱ ባዶ ሲሆን

ሻንጣውን እየሞላሽ ስሚኝ፣ እጅሽ ልብስ ያጣጥፍ፣ ጆሮሽ ግን ለእኔ ይሁን። ጎንደር አማቶችሽ ጋ ገናን ውላችሁ፣ ጥምቀትን አክብራችሁ፣ ቃና ዘገሊላ ሳያልፍ እንደማትመለሱ አውቃለሁ። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 12 ድረስ ሁለት ሳምንት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚታጠብ፣ የሚያበስል፣ ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው የለም። ታዲያ ቆጣሪው ለማን ብሎ ይቆጥራል?

አምፖል ማጥፋቱንማ ማንም አይረሳም። የሚረሳው ቦይለሩ ነው። መታጠቢያ ቤቱ በር አጠገብ ያቺ ቀይ መብራት ያለባት ማብሪያ አለች አይደል? ጠዋት ልጆቹን አጣጥበሽ ስትወጪ እንደበራች ትቀራለች። ሁልጊዜ ስለምትበራ ዓይን ለምዷት አያያትም። ከሁሉ በፊት እሷን አጥፊ።

ቦይለር ውሃውን አንዴ ካሞቀ በኋላ አርፎ የሚቀመጥ ይመስላል። አያርፍም። የሞቀው ውሃ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ለክፍሉ አየር ይለቃል፣ ትንሽ በረድ ሲል ቴርሞስታቱ ያስነሳውና እንደገና ማሞቅ ይጀምራል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ከመታጠቢያ ቤት «ጠቅ» የሚል ድምፅ የምትሰሚው እሱን ነው። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ የአዲስ አበባ ሌሊት ብርዱ ስለሚጠና ይብስበታል። እንደ ትልቅነቱና እንደ ሽፋኑ ውፍረት ይለያያል እንጂ፣ አንድ ቦይለር ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ሙቀቱን ለመጠበቅ ብቻ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። በሁለት ሳምንት 14 ሆነ ማለት ነው። የመብራት ታሪፍ በእርከን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ፍጆታሽ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ዝቅተኛው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ነው። አምፖልና ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ቤተሰብ ወሩን ሙሉ በዚያ ይኖራል። ያንቺ ቦይለር ግን ማንም ለማይታጠብበት ውሃ ከዚያ ላይ ከሩብ በላይ ሊበላ ነው።

ባለቤትሽ «ቀዝቅዞ እንደ አዲስ ከሚሞቅ እንደበራ ቢቆይ ይቀንሳል» ማለቱን አይተውም። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያምነው፣ እስቲ አብረን እናስላው። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 60 ዲግሪ እስኪደርስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ይህንን የምትከፍዪው አንዴ ነው፣ ስትመለሱ። ያኛውን ግን ዕለት ዕለት ትከፍያለሽ፣ ሦስተኛው ቀን ሳያልቅ በልጦ ይገኛል። ለአንድ ሌሊት እንኳ ቢሆን ማጥፋቱ ያተርፋል፣ የቀዘቀዘ ውሃ ከዚያ በኋላ የሚያጣው ሙቀት የለውማ። ሌላም ጉዳይ አለ። የሰፈራችሁ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የቦይለሩ ቫልቭ ካረጀ ደግሞ ውሃው ሲቋረጥ ወደ ኋላ ተመልሶ ጋኑ ሊጎድል ይችላል። በጎደለ ጋን ውስጥ የበራ ቦይለር ማሞቂያውን ያቃጥላል። እናንተ ኖራችሁ ከሆነ ሽታው ያስነቃችኋል፣ ባዶ ቤት ውስጥ ግን ማን ይደርስለታል?

አሁን ፍሪጁን ክፈቺልኝ። አየሽ? ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾም ላይ ስለሆናችሁ ሥጋ የለ፣ ዶሮ የለ፣ እንቁላሉም ለልጆቹ የተረፈው ነው። ፍሪጅ ለማጥፋት ከዚህ የተሻለ ጊዜ በዓመት ውስጥ አታገኚም። ያቺን ምስር ዛሬ ማታ ብሉ፣ ጎመኑንና ቃሪያውን ለጎረቤት ስጪ። ንጥር ቅቤው በደንብ ከተነጠረና ክዳኑ ከገጠመ ውጭ ቢሰነብት ምንም አይሆንም። በርበሬውም ደረቅ ነው፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። እርሾውን ደግሞ ለጎረቤትሽ አውሺ፣ እሷ ስታቦካበት ይታደሳል፣ ስትመለሺ ከሷው ትወስጃለሽ። በዚህ ዓይነት ዕቃ ምክንያት ብቻ ፍሪጅ ሁለት ሳምንት ሲሠራ ይከርማል፣ ያሮጌው ፍሪጅ ፍጆታ ደግሞ ከቦይለሩ ብዙም አይተናነስም።

የምታጠፊው ከሆነ በመጨረሻው ሰዓት እንዳታደርጊው። ከመሄዳችሁ ዋዜማ ማታ ጀምረሽ ንቀዪው፣ በረዶው ይቅለጥ፣ ውስጡን በሆምጣጤ ውሃ ጠርጊ፣ በሩ ዙሪያ ያለውን ላስቲክ እጥፋቱን እየገለጥሽ በደረቅ ጨርቅ አድርቂው። ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ እጥፋት ነው። ከዚያ በሩ እንዳይዘጋ የተጠቀለለ ፎጣ መሃል አድርጊበት። ተዘግቶ የከረመ ፍሪጅ የሚያመጣውን ሽታ በሳምንትም አታስለቅቂውም።

ምናልባት አማትሽ ሥጋ አሲዘው ይልኩሽ ይሆናል፣ ያ ስትመለሺ የሚታሰብ ነው። አሁን ፍሪዘሩ ውስጥ የማትጥዪው ነገር ካለ ግን፣ እሺ፣ ይብራ። ሆኖም ባዶውን አትተዪው። የላስቲክ ጠርሙሶችን እስከ አንገታቸው ድረስ ብቻ ውሃ ሞልተሽ ክፍተቱን ሙዪው፣ መብራት ሲሄድ ቅዝቃዜውን ይዘው የሚያቆዩት እነሱ ናቸው። በሩ ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ግማሽ የሆነው 24 ሰዓት። ታችኛው ፍሪጅ ግን 4 ሰዓት ቢሆን ነው። መብራት ሄዶ እንደነበር በምን ታውቂያለሽ? ስትመለሺ ሁሉም ተመልሶ በረዶ ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጪና በረዶ ሲሆን የአንድ ብር ሳንቲም ከላይ አድርጊበት። መጥተሽ ስታዪው ሳንቲሙ ከላይ ካለ ያስቀመጥሽው ደህና ነው። ሰምጦ ካገኘሽው ውሃው ቀልጦ ነበር፣ ያስቀመጥሽውም ቀልጦ ነበር ማለት ነውና እንዳትበሉት፣ በተለይ ልጆቹ። ደግሞ የእናንተ የካርድ ቆጣሪ ነው። ፍሪጁ የሚበራ ከሆነ ሒሳቡ መሃል ላይ እንዳያልቅ ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉት።

ሶኬት ላይ ያሉትን አትናቂያቸው። ሪሲቨሩ በሪሞት ሲጠፋ የጠፋ ይመስላል እንጂ ያቺ ትንሽ መብራት እስከበራች ድረስ ይበላል። ዋይፋዩ አለ፣ ስታብላይዘሩም ምንም ባይሰካበት እንኳ ሲሞቅ በእጅሽ ትዳስሽዋለሽ፣ ያ ሙቀት መብራት ነው። እያንዳንዳቸው ጥቂት ናቸው፣ እውነት ነው። አንድ 10 ዋት የሚወስድ ዕቃ በሁለት ሳምንት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል። እኔ ግን ንቀዪ የምልሽ ለሒሳቡ ብቻ አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣና ቴሌቪዥን ያቃጥላል፣ ከግድግዳው የተነቀለን ዕቃ ግን ምንም አያገኘውም። ስለዚህ ዲቫይደሩን ራሱን ንቀዪው።

ሁሉንም ካጠፋሽ በኋላ ወደ ቆጣሪው ውረጂ። ፊቱ ላይ ብልጭ የምትል ቀይ ነጥብ አለች፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትልም እዚያው ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነና በ36 ሰከንድ አንዴ ብልጭ ካለች፣ ቤት ውስጥ 100 ዋት የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ከፍሪጁ በቀር ምንም አልተውኩም ብለሽ ሳለ ነጥቧ ቶሎ ቶሎ ካለች ተመልሰሽ ውጪና ፈልጊ። ብዙ ጊዜ ቦይለሩ ነው የሚገኘው። ፍሪጁም ከተነቀለ፣ በረንዳው ላይም መብራት የማትፈልጊ ከሆነ ግን ምን ያደክምሻል፣ ዋናውን ብሬከር አውርጂው። ምጣዱም ምድጃውም አብረው ይጠፋሉ። የጋዝ ሲሊንደሩን አንገት ማጥበቅሽን ግን አትርሺ።

«ለሌባ እንዲሆን በረንዳው ይብራ» ትያለሽ። በጠራራ ፀሐይ የሚበራ አምፖል ለሌባ ሰው የለም ብሎ የሚነግር ነው። ቁልፍ ለጎረቤትሽ ከሰጠሻት ሲመሽ ታበራዋለች፣ ሲነጋ ታጠፋዋለች፣ መጋረጃውንም ትገልጥልሻለች። ይህ ካልተመቸ፣ ሲመሽ ራሱ የሚበራ ሲነጋ የሚጠፋ አምፖል ኤሌክትሪክ ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ግዢ። የብሎካችሁን ጥበቃም እንደምትሄዱ ንገሪው።

እንዲህ የምነዘንዝሽ ስለ ብሩ ብቻ መስሎሽ ከሆነ አይደለም። የገና ዋዜማ ማታ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። በአንድ ጊዜ ሁሉም ቤት ምጣዱ ይጣዳል፣ ዶሮው ይወጣል፣ ዳቦው ይደፋል። አንድ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ገደማ ይስባል። ብሎካችሁና ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ የተንጠለጠሉት በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ነው። እሱ ሲጨናነቅ ኃይሉ ይደክማል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሲብስም ድርግም ይላል። ያቺ ምድር ቤት ያለችው እናት ወጧን ሳታወርድ መብራት እንዳይሄድባት፣ ባዶ ቤት ውስጥ ያለ 1500 ዋት ቦይለር ከመስመሩ ይውጣ። ከሁሉ በላይ ልቤን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ስትመለሱ ደግሞ በሩን እንደከፈታችሁ ቦይለሩን አብሪው፣ 50 ሊትሩ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይሞቃል። ማንም ግን ለብ እንዳለ ገብቶ እንዳይታጠብበት። ተኝቶ የከረመ ለብ ያለ ውሃ ሌጂዮኔላ ለሚባል ባክቴሪያ ይመቸዋል፣ በሚረጨው ደቃቅ ጠብታ በኩል ሳንባ የሚያጠቃ ነው፣ 60 ዲግሪ ላይ ግን ይሞታል። ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ጠብቂና የመጀመሪያውን ውሃ መስኮት ከፍተሽ ጥቂት ደቂቃ አፍስሺው። ፍሪጁንም ሰክተሽ ባዶውን ጥቂት ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ አማትሽ የላኩትን ሥጋ ከዚያ በኋላ ታስገቢያለሽ። እስከዚያው ሥጋውን ለጎረቤትሽ ፍሪጅ አደራ ስጪ፣ እርሾሽንም ያን ጊዜ ትቀበያታለሽ።